የቀለም ሲላንት በፊት መስታወት ላይ፦ የአንዲት የወተት ፒካፕ ጉዳይ

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ደንበኛዬ የእንጦጦን አናት አልፈው ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ መንገዱ ከዓይናቸው ጠፋ። መኪናው አልተበላሸም። መብራቱ ይሠራል፤ የዝናብ መጥረጊያውም በግንቦት የተቀየረ ነው። ሆኖም ከታች ሽቅብ የሚመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ሲያበራባቸው መላው የፊት መስታወት ነጣ። «ወተት የተደፋበት መሰለኝ» አሉኝ ጠዋት። ወተት ሥራቸው ነው፤ ከሱሉልታ ገበሬዎች እየሰበሰቡ በነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ፒካፕ በየሌሊቱ ወደ አዲስ አበባ ያወርዳሉ።

ያን መስታወት ከሦስት ሳምንት በፊት ያዘጋጀነው እኛ ነበርን። ሱሉልታ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አነስተኛ ላቫጆ አለኝ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ያጣራሁትም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፈዋለሁ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል። ሰምና ሲላንት ይዞ የሚመጣው ደንበኛም በዝቷል። አብዛኛው የሚጠይቀኝ ደግሞ እትዬ የጠየቁኝን ነው።

ጠርሙሱ

ልጃቸው ከዱባይ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ የመኪና ቀለም ሲላንት ይዛላቸው መጣች። ሲላንት የሰምን ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ቅብ ነው። የመኪና ሰም ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ላይ ይገኛል፤ የሚቀልጠውም ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ነው። ከንብ ሰም የሚሠራው የእኛ ጧፍ 62 ወይም 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ፀሐይ ላይ ተረስቶ ሲጎብጥ ያላየ የለም። ሲላንት ግን ከፖሊመርና ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከሁለቱም ይልቅ ሙቀትንና ሳሙናን ይቋቋማል፤ በደንብ ከተቀባ ቀለም ላይ ለወራት ይቆያል።

በጠርሙሱ ጀርባ ለቀለም፣ ለመስታወትና ለቸርኬ እንደሚሆን ተጽፏል። እትዬም፣ «ልጄ፣ አትቆጥብ። መስታወቱንም ቸርኬውንም ቀባልኝ፤ ክረምት ገባ እኮ» አሉኝ።

ቀባን። መኪናውን አጥበን፣ አድርቀን፣ ከኮፈኑ ጀምረን ጣሪያውንና በሮቹን ጨረስንና ወደ መስታወቶቹ ሄድን። የፊቱን ሁለት ጊዜ ደገምነው። ቸርኬዎቹን የሠራው ረዳቴ ነው። እትዬ በቀጥታ ከከተማ ስለመጡ የፊት ግራው ቸርኬ ገና ትኩስ ነበር፤ ጥጋጥጉ ውስጥ ያለውን የፍሬን ጥላሸትም ልጁ ሙሉ በሙሉ አላወጣውም። አየሁት፤ ተመሽቷል ብዬ ዝም አልኩ።

በጆግ ውሃ ስናፈስበት መስታወቱ ላይ የነበረው ትዕይንት ያስደስት ነበር። ውሃው በኮባ ቅጠል ላይ እንደወደቀ ዝናብ ክብ ክብ እየሆነ ተንከባለለ። እትዬ ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። በዚያን ጊዜ የውሃው መንከባለል የሥራችን ማረጋገጫ መስሎን ነበር። ለቀለም ነው። ቀለም ግን ማንም አሻግሮ አያይበትም፤ ላስቲክም በደቂቃ አርባና ሃምሳ ጊዜ አይመላለስበትም።

ያ ሌሊት

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሱሉልታ ራሷ ከአዲስ አበባ ከፍ ያለች ናት፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የእንጦጦን ሸንተረር መሻገር አለ። በክረምት ሌሊት ጉሙ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ዝናቡ ቢጥል ይሻል ነበር፤ ግን ያካፋል፤ ለመጥረጊያው ይበዛል፣ ለማጠብ ያንሳል። ከደርባ የሚመጡት የሲሚንቶ መኪኖች ከፊት አሉ፤ ሰው በሰዓት ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተከትሏቸው ይሄዳል።

እትዬ የነገሩኝ እንዲህ ነው። መጥረጊያው ገና አቀበቱ ላይ ሳሉ መዝለል ጀመረ። ሲሄድ ደህና ነው፤ ሲመለስ እየተንቀጠቀጠ ይንጎዳጎዳል። ባለፈበት ሁሉ ስስ ጉም ይጥላል። የውስጥ እንፋሎት መስሏቸው በጋዜጣ ከውስጥ ጠረጉት፤ ምንም ለውጥ የለም። ወርደው ከውጭ ሲጠርጉት ባሰ። ቁልቁለቱ ላይ ያ የጭነት መኪና ብቅ ሲል ዳሩን የያዙት በመገመት ነው። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ወተቱ ዘግይቶ ገባ፤ ሁለት ቤቶች አልቀበልም አሏቸው።

ከስረውም ሳይቆጡ ነው የመጡት። «ምን እንደሆነ ፈልግልኝ» አሉኝ። ያ አባባላቸው ከቁጣ በላይ አሠራኝ።

መስታወቱን ስንመረምረው

መጀመሪያ ሌሎች ምክንያቶችን አስወገድኩ። የውስጡን ገጽ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ንጹሕ ነበር። መስታወቱ ላይ የቆዩ የመጥረጊያ ጭረቶች አሉ፤ ግን ባለፈው ክረምትም ነበሩ፤ ያኔ እትዬ ምንም አልተቸገሩም። ከዚያ በጆግ ውሃ አፈሰስኩ። መስታወቱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። መጥረጊያው በማይደርስበት ጠርዝ ላይ ውሃው አሁንም ክብ ክብ ይሠራል። መጥረጊያው በሚመላለስበት መሐል ላይ ግን ውሃው ግማሹ ይዘረጋል፣ ግማሹ ይሰበሰባል፤ ቅቡ እንደ ተበላ ምጣድ ማሰሻ እዚህ አለ እዚያ የለም። መጥረጊያው በሚዞርበት መስመር ላይ ደግሞ የተገፋው ቅብ ተከማችቶ በጣት የሚዳሰስ ቅባት ሆኗል። ባትሪ ከጎን ሳበራበት ኩሬ ላይ እንደ ፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና አወጣ።

የመጥረጊያውን ላስቲክ ጠርዝ በነጭ ጨርቅ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎተትኩ። ግራጫ ቅባት መስመር ሠራ።

ከዚያ ረዳቴ ውሃ እየረጨ እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ መጥረጊያውን አሠራሁ። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ላስቲኩ ሲያልፍ ከኋላው የሚቀረው ውሃ አልተዘረጋም፤ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ እልፍ ጠብታዎች ሆነ። ሁለት ሰከንድ ቆይተው ይጠፋሉ፤ መጥረጊያው ተመልሶ እንደገና ይዘራቸዋል።

ንጹሕ መስታወት ውሃን ይወዳል። ውሃ ሲያገኝ ስስ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ እንደ ተዘረጋ መጋረጃ ወጥ ስለሆነ ብርሃን ሳይሰበር ያልፍበታል። የመጥረጊያ ላስቲክም የተሠራው ለዚህ ነው፤ ውሃውን ጨርሶ አያደርቅም፤ ወጥ የሆነ ስስ ውሃ ብቻ ያስቀራል። የቀለም ሲላንት ግን መስታወቱን ውሃ ጠል ያደርገዋል። ያ ስስ ውሃ መዘርጋት ሲያቅተው ይበጣጠስና ጠብታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ትንሽ መነጽር የሚመጣበትን መብራት ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ቀን ላይ ዓይን ይታገሠዋል። ሌሊት፣ ፊት ለፊት መብራት ሲመጣ፣ መስታወቱ ይነጣል።

መዝለሉም ከዚሁ ይመጣል። ላስቲኩ ሲሄድ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሲመለስ ወደ ሌላው ጎን መገልበጥ አለበት። መስታወቱ እዚህ የሚያንሸራትት እዚያ የሚይዝ ከሆነ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ይንጠለጠላል፣ ይዘላል። የሲሚንቶ ብናኝ ሲጨመርበት ቅባቱ ወደ ድፍድፍ ተለውጦ ላስቲኩ ሥር ይመላለሳል።

ታዲያ ውሃ የሚያንከባልል መስታወት መንገድ ላይ ሲመሰገን የምንሰማው ለምንድን ነው? ጠብታውን የሚገፋው ነፋስ ስለሆነ ነው። መኪናው በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ማለፍ አለበት። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የሚመላለስ ሌላ ደንበኛ አለኝ፤ ለመስታወት ተብሎ የተሠራ ውሃ ማባረሪያ ይጠቀማል፤ ዝናቡ ሽቅብ ሲበር ይነግረኛል፤ አምነዋለሁ። ያኛው ምርት ከመስታወቱ ሲሊካ ጋር በኬሚካል የሚያያዝ በጣም ስስ ሽፋን ነው፤ እንደ ቀለም ሲላንት ላዩ ላይ አይከመርም። ቢሆንም በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሲሚንቶ መኪና ኋላ ለሚያዘግም ሰው እሱንም አልመክርም። ጠብታውን የሚገፋ ነፋስ የለም።

ግማሽ በግማሽ

እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። መኪናውን ለአንድ ቀን ለመንኳቸው፤ በዚያ ቀን ወተቱን የወንድማቸው ልጅ አወረደ። መስታወቱን ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል በወረቀት ፕላስተር ከፈልኩት። የሹፌሩን በኩል ልናጸዳው፣ የሌላውን በኩል እንዳለ ልንተወው።

ረዳቴ ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ የእጅ ማጽጃ አልኮል አመጣ። መስታወቱ ይባስ ተዥጎረጎረ። ምክንያቱን ያገኘሁት በኋላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የእጅ ማጽጃ አሠራር ውስጥ ቆዳ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል ይገባል። ለእጅ ደግ ነው፤ መስታወት ላይ ግን ሌላ ቅባት ነው። ከፋርማሲ ምንም ያልተጨመረበት አልኮል ገዛን። እሱ ላዩን ያለውን አነሳ፤ ውሃ ስናፈስ ግን አሁንም ይበጣጠሳል። ክሌይ የሚባለውን ሊጥ መሰል ማጽጃ በሳሙና ውሃ እያራስን አሻሸንበት፤ በመጨረሻ ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለውን የመስታወት መወልወያ ዱቄት በውሃ ለውሰን በእጅ ወለወልን። ለግማሽ መስታወት ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ለመቀባት የፈጀው አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር።

ጆጉን እንደገና አነሳሁ። በተጸዳው በኩል ውሃው ሳይቆረጥ እንደ አንሶላ ወረደ። በሌላው በኩል ተበተነ። ፕላስተሩ የነበረበት መስመር በሁለቱ መካከል ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ካፊያው ሲጀምር ከረዳቴ ጋር ወጣን። እኔ ከተጸዳው ኋላ፣ እሱ ካልተጸዳው ኋላ። አቀበቱ ላይ የጭነት መኪና ሲመጣ እኔ የአስፋልቱን ዳርና ዳሩ ላይ የቆመች አህያ አየሁ። ረዳቴን «ምን ታያለህ?» አልኩት። «መብራት ብቻ» አለኝ። አህያዋን ያያት መኪናው ካለፈ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ቆመን ቦታ ተቀያየርን፤ ሁለት መኪና እስኪያልፍ ጠበቅን። አሁን ዳሩን እሱ ያየዋል፤ ከእኔ ፊት ነጭ ነገር ብቻ አለ።

በዚህ ወንበር ላይ ሳለሁ እትዬ ብቻቸውን፣ ወተት ጭነው፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ የነበሩበትን ሰዓት አሰብኩ። ይህን መስታወት ለገንዘብ ቀብቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ የቀረውን ግማሽ ስናጸዳ ማንም አላወራም።

የጠርሙሱ ጽሑፍ ውሸት አልነበረም። መስታወት ላይ ይሆናል ማለት መስታወቱን አይጎዳም ማለት ነው፤ እውነት ነው፣ አልጎዳውም። እኔ ግን አይጎዳም የሚለውን ይጠቅማል ብዬ አነበብኩት።

የጎን መስታወቶች

የጎኖቹንና የኋላውን አልነካናቸውም። እነሱ ላይ መጥረጊያ የለም፤ ቅቡ ወጥ እንደሆነ ነው። የሲሚንቶ ብናኝ ከዝናብ ጋር ሲደርቅ እንደ ኖራ መስታወት ላይ ይጋገራል፤ ሲቆይ ያዥጎረጉራል፤ ቅቡ ያለበት መስታወት ላይ ግን በውሃ ብቻ ለቀቀ። የእኛ የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብም እንደዚሁ። የጎን መመልከቻ መስታወቶችን ግን አጸዳናቸው፤ ቤታቸው ነፋሱን ስለሚከልልባቸው ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጥባቸዋል፣ አይወርድም።

ቸርኬው

ቸርኬ ላይ ታሪኩ ተቃራኒ ነው፤ እዚህ ሲላንቱን ከልቤ አመሰግናለሁ። የአልሙኒየም ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ጥርት ያለ ቫርኒሽ አለው። ስለዚህ ለሲላንቱ ቸርኬ ማለት ሌላ ኮፈን ነው።

ጠላቱ የፍሬን ጥላሸት ነው። ዲስኩና የፍሬን ሸራው ሲፋተጉ የሚወጣው ብናኝ ብረት አለበት፤ ትኩስ ሆኖ ቸርኬው ላይ ያርፍና ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ በሳሙና አልለቅ የሚለው እሱ ነው። በዚህ ፒካፕ የፊቱ ፍሬን ዲስክ፣ የኋላው ከበሮ ነው። ከበሮው ዝግ ስለሆነ ጥላሸቱን እዚያው ይይዘዋል። የጭነቱን ቁልቁለት በብዛት የሚይዘው ደግሞ የፊቱ ነው። ስለዚህ የኋላዎቹ ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበሩ፤ ፈተናው የፊቶቹ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ደንበኞቼ ቸርኬያቸው የማይጠቁርበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው፤ ሲያዘገሙ አብዛኛውን የሚይዘው ሞተሩ ነው እንጂ ፍሬኑ አይደለም።

ሰም በፍሬን ሙቀት ይቀልጣል የሚል ስጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እትዬ ከሸክም ጉዞ ሲደርሱ የውሃ ጠብታ ዲስኩ ላይ ጣልኩ፤ ጭስ ብሎ ተነነ። በእኛ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ዲስኩ ከዚያ በላይ ነበር ማለት ነው። ቸርኬው ላይ የጣልኩት ጠብታ ግን ቁጭ አለ፤ እጄንም አስቀመጥኩበት፣ ሞቅ ያለ ብቻ ነው። የካርናውባ ሰምን ቸርኬ ላይ ቶሎ የሚጨርሰው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚፈስበት ኃይለኛ ሳሙናና አሲድ ያለበት ማጽጃ ነው። ለቁልቁለት መኪና ግን ሲላንቱን እመርጣለሁ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የፊት ቀኙ ቸርኬ በግፊት ውሃና በጥቂት ሳሙና ጸዳ፤ ብሩሽ አልፈለገም። የፊት ግራው፣ ያ ትኩስ ሳለና ጥላሸቱ ሳይወጣ የተቀባው፣ ግራጫ ጭረቶች እንደ ታሸጉበት ነበር። ሲላንቱ ቆሻሻውን ከእኛ ጠበቀው። ብረት የሚያሟሟውን ማጽጃ ስንረጭበት ወይን ጠጅ ቀለም አወጣ፤ ያ ቀለም ማጽጃው ብረቱን ሲያገኝ የሚወጣ ነው። ሦስት ጊዜ ደግመን ነው የለቀቀው። ከዚያ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ አድርቀን፣ እንደገና ቀባነው።

ቀቢዎች ሁሉ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ቸርኬ ላይ አይረጭም። ጨርቁ ላይ ተደርጎ ይቀባል። የተረጨ ሲላንት በቸርኬው ቀዳዳ አልፎ ዲስኩ ላይ ካረፈ ፍሬኑ የሚይዘው ቅባት ነው። ረዳቴ ያን ቀን በጨርቅ ስለቀባ አመሰግነዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ መስታወቱም ፍሬኑም ባንድ ሌሊት ቢከዷቸው ኖሮ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

በመስከረም

እትዬ መስከረም አጋማሽ ላይ መጡ። የመጥረጊያውን ላስቲክ አልቀየርነውም ነበር፤ ጠርዙን በአልኮል ደጋግመን ስንጠርገው መዝለሉን አቆመ። አሁን በየሳምንቱ መስታወቱንም ላስቲኩንም በዚያው አልኮል ያስጠርጉኛል። የወተቱን ኪሣራ ልክፈል ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ እንደገና እምቢ አሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ሲሶ ያህል ቀርቷል። ቸርኬዎቹን ደግመን ቀባን፤ የጎን መስታወቶቹን ለሚቀጥለው ሰኔ አቆየናቸው። እትዬ ብዕር ተቀብለው ጠርሙሱ ላይ በራሳቸው እጅ «የፊት መስታወት አይነካም» ብለው ጻፉበትና መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጡት።